የካርዱ ጀርባ

ማስታወሻ ደብተር ለመያዝ አራት ጊዜ ሞክሬ አራቱንም ጊዜ ከሽፎብኛል። ደብተሮቹ አሁንም ቤት አሉ። አንዱ እስከ ጥር 3 ይዘልቃል። ሌላው ከመስከረም እንኳን አልወጣም። ሁሌም ነገሩ አንድ ነው። ሁለት ሳምንት እጽፋለሁ፣ አንድ ቀን ይዘለላል፣ ነገ እሞላዋለሁ እላለሁ። ነገ ሁለት ይሆናል። በቃ፣ አለቀ።

በ2016 እንቁጣጣሽ ጠዋት የጎረቤት ልጅ በሬን አንኳኳ። እንደ ወጉ ስዕል ይዞ መጥቷል። ቢጫ አበባ፣ ከአበባው የምትበልጥ ቢራቢሮ፣ ከታች ደግሞ «እንኳን አደረሳችሁ»። «ች» ተረስታ በኋላ ከላይ ተጨምራለች። 20 ብር ሰጥቼው ሄደ። ማታ ስዕሉን ጠረጴዛ ላይ ሳየው መጣሉ አሳዘነኝ። ለካ በእጅ የተሠራ ፖስት ካርድ እኛ ሰፈር ድሮም አለ፤ ቴምብር ሳያስፈልገው ከበር ወደ በር የሚሄድ።

በዚያ ሰሞን ቁምሳጥን ሳጸዳ አንድ ፌስታል ሙሉ የሰርግ ጥሪ ካርድ አግኝቼ ነበር። የሰርግ ካርድ መቼም አይጣልም፣ ነውር ይመስላል። ይቀመጥ ቢባል ደግሞ ለምን? (ከመካከላቸው የተፋቱም አሉ።) ወረቀቱ ግን ወፍራምና ጠንካራ ነው። አንዱን በማስመሪያና በከተር 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር አድርጌ ቆረጥኩት። ኤ4 የሚባለው የፎቶኮፒ ወረቀት ለአራት ሲከፈል የሚወጣው መጠን ነው፤ ፖስት ካርድም ብዙ ጊዜ በዚሁ ልክ ይሠራል። ስዕሉን ከርክሜ ፊቱ ላይ ለጠፍኩት። ገለበጥኩት። ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። ካርድ ነውና ለሆነ ሰው መጻፍ አለበት። «ለጎረቤቴ ልጅ፦ ቢራቢሮህ ከአበባው ትበልጣለች። እንዳታስተካክላት።»

ይኸው ነው። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ደብተሮቹ ለምን እንደከሸፉ የገባኝ ያኔ ነው። ደብተር ላይ የምጽፈው ለራሴ ነበር። ለራሴ ምን እነግረዋለሁ? ሁሉንም ያውቃል። ካርድ ግን ተቀባይ አለው። ለሰው ሲሆን የሚባል ነገር አይጠፋም። ባይላክም።

ደንቡ በማግስቱ ወጣ። በቀን አንድ ካርድ። ፊቱ ላይ የዚያን ቀን እጄ ከገባ ወረቀት የተሠራ ኮላዥ (ቁርጥራጭ ወረቀት እየለጠፉ የሚሠሩት ስዕል)፣ ጀርባው ላይ ለአንድ ሰው የተጻፈ ጥቂት መስመር። ከቡና በኋላ፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ። አቆጣጠራችን ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። 30 ካርድ ሲሞላ ወሩ ያልቃል። በክር አስሬ የጫማ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሠላሳ አንድና ሃያ ስምንት የለ።

የመጀመሪያው ሙጫዬ የልጅነቴ ሙጫ ነው። አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ውሃ ትበጠብጫለሽ፣ ጓጉል እንዳይኖረው እያማሰልሽ እሳት ላይ ታወፍሪዋለሽ። ዋጋው ምንም ነው፣ እጅ አያቃጥልም፣ አይሸትም። ችግሩ ካርዱ ሲደርቅ መቆልመሙ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ካርዶች ጠረጴዛ ላይ እንደ ታንኳ ነው የተቀመጡት። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ወረቀት ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የተለጠፈው ቁራጭ ሲሰበሰብ ካርዱን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ስለዚህ ጀርባውም ላይ ስስ ነጭ ወረቀት በዚያው ሙጫ መለጠፍ ጀመርኩ። ሁለቱ ወገን እኩል ሲጎትት ካርዱ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ለመጻፍም የሚመች ንጹሕ ጀርባ አገኘሁ። ከዚያ በፌስታል ጠቅልሎ ከባድ ነገር መጫን ነው። መጽሐፍ ሞከርኩ፣ አልበቃም። እናቴ ኮንዶሚኒየም ስንገባ እንኳን ወፍጮዋን አልተወችም፤ እና የወፍጮው መጅ የካርድ መጫኛ ሆነ። እስከ ዛሬ ከመጅ የተሻለ አላገኘሁም። አንዳንዱ ካርድ ትንሽ በርበሬ በርበሬ ይላል።

ወረቀት ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ያስጨነቀኝ ይህ ነበር። የትልቅ ቀን ካርድ ቀላል ነው። ያስቸገረኝ ተራው ማክሰኞ ነው። ጥቅምት ላይ የሠራሁትን አንዱን ልንገራችሁ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ነኝ፣ ምንም ወረቀት የለም። ማታ ሱቅ ዳቦ ስገዛ ባለሱቁ መልስ የለኝም ብሎ ሁለት ማስቲካ ሰጠኝ። አኩርፌ ወጣሁ። ቤት ስደርስ የማስቲካውን ብርማ ወረቀት በጥፍሬ አለስልሼ ካርዱ መሀል ላይ ለጠፍኩት። ዙሪያውን ዳቦው የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቅዳጅ አደረግኩ። ጀርባው ላይ «ለሰፈሬ ባለሱቅ፦ በዚህ ዓመት በማስቲካ የተመለሰልኝን ብደምረው አንድ ዳቦ ይወጣዋል። ቅር ግን አላለኝም፣ ዛሬ ካርዴን ሠራህልኝ» የሚል አለ። ካሉኝ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ነው። በማግስቱ ላሳየው አስቤ ነበር፤ አፈርኩ።

ቆሻሻ ሰብሳቢ ነሽ የሚሉኝ አልጠፉም። ለነሱ የምመልሰው ኩርት ሽቪተርስ የሚባለውን የሃኖቨር ሰውዬ ነው። ጀርመን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወጥታ በተንኮታኮተችበት ጊዜ የትራም ቲኬት፣ የከረሜላ ወረቀት፣ ቁልፍ፣ የተጣለ እንጨት እየሰበሰበ ይለጥፍ ነበር። በአውሮፓውያን 1919 ሥራውን «ሜርዝ» ብሎ ሰየመው። ቃሉ ከአንድ የባንክ ማስታወቂያ ላይ የተቆረጠ የስም ቁራጭ ነው። እሱ የትራም ቲኬት ነበረው። እኔ የአንበሳ አውቶቡስ ቲኬት አለኝ። አሁን አሁን ግን ወረቀቱ እየመነመነ ነው። የሞባይል ካርድ መፋቅ እየቀረ ነው፣ ብዙው በቴሌብር ሆነ። ስልክ ላይ የሚመጣ መልእክት አይቆረጥም። ደረሰኝ አለ እንዳትሉ፣ እሱም ጉድ ሠርቶኛል። የሱፐርማርኬት ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ጽሑፉ እየደበዘዘ ይጠፋል። የኅዳር ደረሰኞቼ በሚያዝያ ነጭ ሆነው አገኘኋቸው። አሁን ዋጋውን ሥሩ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።

እናቴ ሥራዬን ከሩቅ ነበር የምታየው። አንድ ቀን ግን ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ አንስቼ መቀስ ስይዝ ደረሰች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ያለፈበት ነው እኮ እማዬ።»

«ቀኑ ነው ያለፈበት። እመቤታችንም አለፈባት?»

መቀሱን አስቀመጥኩ። ልክ ነበረች፣ ከላይ የማርያም ስዕል አለ። ቁጥሮቹን ብቻ ቆርጬ ስዕሉን ለሷ ሰጠኋት። እሷም በተራዋ ወረቀት አቀባይ ሆነችልኝ። ከዚያ ወዲህ የሻይ ቅጠል ፓኮ፣ የክብሪት ቀፎ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣ የታጠፈ ወረቀት እያጠራቀመች ማታ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጣለች። «ለዚያ ነገርሽ» ትላለች። ስም አልሰጠችውም።

በየቀኑ አልሠራሁም። እዋሻለሁ ካላልኩ በቀር። ታኅሣሥ ላይ በጉንፋን 6 ቀን ተኛሁ። ስነሳ እንደ ደብተሩ ጊዜ ስድስቱንም በአንድ ማታ ሠራኋቸው። አሁን ያንን እስር ስፈታ ስድስቱን ወዲያው እለያቸዋለሁ። አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ወሬ። ለሐኪሙ የጻፍኩት እንኳን የውሸት ነው፤ ሐኪም ቤት አልሄድኩም። ከዚያ በኋላ ያመለጠ ቀን ቀኑ ብቻ የተጻፈበት ባዶ ካርድ ይሆናል። መጋቢት ውስጥ ተከታታይ ዘጠኝ ባዶ ካርዶች አሉ። የአጎቴ ለቅሶ ነው። ምንም አልጨመርኩባቸውም።

አንድ ካርድ በእውነት ልኬያለሁ። ዋሽንግተን ላለችው ጓደኛዬ፣ ለልደቷ። ቴምብር ገዝቼ ራሴ ለጠፍኩ። ደረሰ። ግን ፎቶ አንስታ ስትልክልኝ ፊቱ ላይ የነበረው ቁራጭ ግማሹ የለም። የለጠፍኩት ዳር ዳሩን ሳልቀባ መሀሉን ብቻ ነበር። በመንገድ ከሌላው ፖስታ ጋር ሲፋተግ ተነስቷል። ሙጫ ከመሀል ወደ ዳር ይቀባል፣ ዳሩ ላይ ይበዛል። ይህን ለመማር አንድ ካርድ ውቅያኖስ ማቋረጥ ነበረበት።

ሐምሌ ገባ። ሐምሌን የምታውቁት ነው። ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳ ያልበዋል። አንድ ማታ የጫማውን ካርቶን ስከፍት የዳቦ ሻጋታ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የስንዴ ዱቄት እኮ ምግብ ነው፤ ለእኔ ሙጫ ቢሆንም ለሻጋታ ገበታ ነው። የጥርና የየካቲት እስሮች ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጥቷል። ካርዶቹን በሙሉ ሳሎን ውስጥ ገመድ ወጥሬ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኳቸው። ሻጋታውን በደረቅ ብሩሽ ጠረግኩ። እናቴ ሙጫው ውስጥ ቅርንፉድ ጨምሪ አለችኝ። ቤቱን ቅርንፉድ ቅርንፉድ አሸተተው፣ እኔ ግን ትዕግሥቴ አልቋል። በማግስቱ ከቀለም መሸጫ አናጢዎች የሚጠቀሙበትን ነጩን ኮላ ገዛሁ። ኮላዥ የሚለው ቃል ራሱ ሙጫ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው የመጣው። የእኛ ኮላ በጣልያንኛ በኩል የመጣ የዚያው ቃል ዘመድ ነው። ኮላ አይሻግትም፣ በደንብ ይይዛል። ከደረቀ በኋላ ግን አይለቅም። ዱቄት ግን ውሃ ሲነካው ይለቃል። ያኔ ይህ እንደ ጉድለቱ ነበር የታየኝ።

ገመዱ ላይ ከተሰቀሉት አንዱ የግንቦት ካርድ ነበር። አባቴ ካረፈ 11 ዓመቱ ነው። ከሱ ሣጥን ውስጥ በ1970ዎቹ የታተመ አሮጌ መጽሔት አውጥቼ በሙት ዓመቱ ቀን የባቡር ጣቢያ ፎቶ ቆርጬበት ነበር። ለገሃር፣ ቅስቶቹ ሁሉ ይታያሉ። ካርዱ ያምር ነበር። አሁን እርጥበቱ አንድ ጥግ አንስቶታል። በተነሳው ጥግ ሥር ሰማያዊ እስክሪብቶ አየሁ።

የእጅ ጽሑፍ ነው። ፎቶውን ስቆርጥ ገጹን ገልብጬ አላየሁም። ከጀርባው ኅዳጉ ላይ አባቴ የጻፈው ነገር ነበር፣ እኔ ሙጫ ቀብቼ ደፈንኩት።

ሦስት ቀን አልነካሁትም። መጽሔቱን ፈልጌ የተቆረጠውን ገጽ አየሁ፣ ፎቶው ባዶ ካሬ ትቶ ሄዷል፤ ጽሑፉ በሙሉ ከፎቶው ጀርባ ነው። በአራተኛው ቀን አንድ ነጭ ጨርቅ አርሼ በደንብ ጨመቅኩት፣ ፎቶው ላይ አለበስኩት፣ ላዩን በፌስታል ሸፈንኩት። ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ። በጥርስ መፋቂያ እንጨት ከተነሳው ጥግ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ገፋሁ። እየለቀቀ መጣ። ሁለት ቦታ ላይ ቆሜ እንደገና አረጠብኩ። የእስክሪብቶ ቀለም ዘይት ስላለው ውሃው አላጠፋውም። ዱቄቱ በጣቴ እንደ አጥሚት እየለሰለሰ ተነሳ።

«ስኳር ግማሽ ኪሎ። ላምባ። ባትሪ 2። የልጅቷ ጫማ ቁጥር 26።»

ቤታችን ውስጥ አንድ ሴት ልጅ ብቻ ነበረች።

አሁን ከማንኛውም ወረቀት በፊት ገልብጬ አያለሁ። ለሁልጊዜ የምለጥፈውን በኮላ፣ የሰው እጅ የነካውን በዱቄት ሙጫ። ለዱቄቱ ቅርንፉድ ጨምሬ፣ ክረምት ላይ ካርቶኑን ክፍት እየተውኩ። የ2016 እስሮች ከጳጉሜን አምስት ጋር ሲደረደሩ አንድ ክንድ ይሆናሉ።

የግንቦቱን ካርድ መልሼ ለጥፌዋለሁ። በዱቄት፣ ከላይ በኩል ብቻ፣ አንድ ጣት በማይሞላ ስፋት። ፎቶው እንደ መስኮት ይከፈታል። የካርዱ ጀርባ ላይ በግንቦት የጻፍኩለት አለ፣ አልነካሁትም። ከሥሩ በሌላ ቀለም አንድ መስመር ብቻ ጨመርኩ፦ «ለአባዬ፦ ጫማው ልኬ ነበር?»