አይረን ሜይደን በ50ኛ ዓመቱ ምን ይጫወት ይሆን?

እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከአንድ እንግሊዛዊ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ስለ ሄቪ ሜታል ባንዱ አይረን ሜይደን ስንከራከር የምሳ ሰዓታችን አለቀ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ሃሪስ ባንዱን በምሥራቅ ለንደን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1975 በገና ዕለት ነው። 50ኛ ዓመቱን የሚያከብርበት ጉዞ በግንቦት 2025 ከቡዳፔስት ተጀምሯል። ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ አልበሞች ብቻ እንደሚጫወቱ ቀድመው ነግረውን ነበር፤ የትኞቹን ዘፈኖች እንደሆነ ግን ያኔ ትንፍሽ አላሉም።

እኔ የ1984ቱን አልበም («ፓወርስሌቭ») መዝጊያ ዘፈን ይጫወቱታል ባይ ነበርኩ። ከ13 ደቂቃ በላይ ይረዝማል። መሐል ላይ ሁሉም ጸጥ ብሎ ቤዙ ብቻውን ሲያንጎራጉር፣ ከሥሩ የመርከብ እንጨት ሲንቋቋ ይሰማል። ባልደረባዬ ግን «በዚያ ሰዓት ሦስት ዘፈን ይወጣዋል» ብሎ ሞገተኝ። ሒሳብ ሠራተኛ አይደል!

ያሳሰበኝ ከበሮው ነበር። ከ1982 ጀምሮ ከበሮውን የያዘው ኒኮ ማክብሬን በ2024 መጨረሻ ሳኦ ፓውሎ ላይ ከኮንሰርት ጉዞ ተሰናብቷል። በ2023 መጀመሪያ ስትሮክ መትቶት እንኳ ወደ መድረክ የተመለሰ ሰው ነው። ሌሎች በሁለት የከበሮ መምቻ ፔዳል (በሁለት እግር) የሚያወጡትን ፍጥነት እሱ በአንድ እግሩ ያወጣው ነበር። ተተኪው ሳይመን ዳውሰን ከሃሪስ ጋር በሌላ ባንድ ስለተጫወተ ባይተዋር አይሆንም። ቢሆንም ጆሮዬ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን እግር ነው።

በሰኔ 2025 ለንደን ላይ የተጫወቱት ሃሪስ ከልጅነቱ ጀምሮ በሚደግፈው የዌስትሃም ሜዳ ነው። እኔም ያኔ ትኬቴን ቆርጬ ነበር፤ የቁም ነው። ጉልበቴ ይወቅበት።