ለዓመታት የቆመ የፉርጎ ገፊ ሎኮሞቲቭ እንዴት እንዳስነሳን

የእንግሊዙ ኩባንያ ኢንግሊሽ ኤሌክትሪክ በ1950ዎቹ ለኔዘርላንድስ ምድር ባቡር የሠራቸው የ500 እና የ600 ተከታታይ ሎኮሞቲቮች ሥራቸው ጣቢያ ግቢ ውስጥ ፉርጎ መግፋት ነበር። ሁለቱም ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 400 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር አላቸው። 600ዎቹ ግን የፉርጎዎቹን የአየር ፍሬን የሚሞላ ኮምፕረሰር ተጨምሮላቸዋል። ያስነሳነው ከ600ዎቹ አንዱን ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ይህ ማሽን እንደ መኪና ለብቻው የተቀመጠ ስታርተር የለውም። ባትሪው ዋናውን ጄኔሬተር እንደ ሞተር ያዞረዋል፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ የናፍጣ ሞተሩን። ስለዚህ ገና ሞተሩ ሳይነሳ፣ ለዓመታት እርጥበት ሲጠጣ በኖረ ጥቅልል ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ያልፋል። ሥራውን ከቁልፍና ከመፍቻ ሳይሆን ከሜገር፣ ማለትም ከኤሌክትሪክ መከላከያ መለኪያው፣ የጀመርነው ለዚህ ነው።

ባትሪውን ነቅለን፣ ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን የካርቦን ብሩሾች አንስተን፣ በ500 ቮልት ሜገር ጥቅልሉን ከሻሲው ጋር ለካን፤ 0.2 ሜጋኦም። ከ1 በታች ከሆነ ባትሪ አይገናኝበትም። ጥፋቱ የውሃ ብቻ አይደለም፤ ከብሩሽ የሚረግፈው የካርቦን ዱቄት ከዘይት ጋር ሲለወስ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ጭቃ ይሆናል። በቫኪዩም መጠጥነው፣ በደረቅ ጨርቅ ጠረግነው፣ በመጨረሻ ከ2 ባር ባልበለጠ ደረቅ አየር ነፋነው። ግፊቱ ከበዛ ዱቄቱን ወደ ጥቅልሉ ውስጥ ይቀብረዋል። ከዚያ ከሥሩ ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አድርገን ከላይ ሸራ አለበስነው። በማግስቱ ንባቡ ጭራሽ ወደ 0.1 ወረደ። እዚህ ላይ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፦ ሙቀቱ የተደበቀውን እርጥበት ሲያንቀሳቅስ ንባቡ መጀመሪያ ይወርዳል፣ እርጥበቱ ሲወጣ ይመለሳል። በአራተኛው ቀን 3 ሜጋኦም ደረስን።

ኮሙቴተሩን፣ ማለትም ብሩሾቹ የሚያርፉበትን የመዳብ ቀለበት፣ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ፣ ያውም በስሱ። የብረት መሞረጃ ሸራ ብናኙ በመዳብ ዘንጎቹ መካከል ገብቶ ያገናኛቸዋል። ቡናማው ሽፋን ቆሻሻ ስላልሆነ ይተው፤ ብሩሹ ሳይበላ የሚንሸራተተው በእሱ ላይ ነው።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ የጭስ ማውጫው ክዳን አልነበረውም፤ ዝናብ በቀጥታ ሲገባበት ቆይቷል። የሲሊንደሮቹን መፈተሻ ቧንቧዎች ከፍተን ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርነው። አራት ምት ስለሆነ አንድ ዙር ሁሉንም ሲሊንደር አይፈትሽም። ከአራተኛው ውሃ ተፋ። ውሃ አይጨመቅም፤ በባትሪ ብናዞረው ኖሮ ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘው ቢየላ ይጣመም ነበር። ቀጥለን ራዲያተሩን ሞልተን፣ የክራንክ ክፍሉን በሮች ከፍተን አሳደርነው። ጠዋት ከሁለት ሲሊንደሮች ሸሚዝ (ሊነር) ሥር ጠብታ አየን፤ ውሃውን የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች ደርቀው ነበር። እነሱን መቀየር ቴስታታ ማውረድና ፒስተን ማውጣት ማለት ስለሆነ ከጠቅላላው ሥራ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው ይህ ነው። እነዚያን በሮች ሳይከፍቱ ዘይት የሚሞሉ ሰዎች ይህን የሚያውቁት ዘይቱ ወተት ሲመስል ነው።

ዘይቱን በውጭ ፓምፕ እየገፋን እያንዳንዱ ኩሽኔታ ሲያንጠባጥብ በዓይናችን አየን። ጌጁ ግፊት አሳየ ማለት ጫፍ ድረስ ደረሰ ማለት አይደለም።

ከሁሉ የሚያስፈራው የናፍጣውን መጠን የሚወስነው የፓምፖቹ ዘንግ ነው። ናፍጣው ሙጫ ሆኖ አንዱ ፓምፕ ክፍት እንደሆነ ከነከሰ፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ገቨርነር ሊዘጋው ስለማይችል ሞተሩ ያለ ልጓም ይሮጣል። እያንዳንዱን ፓምፕ ለየብቻ አላቀን በጣት ገፋናቸው፤ ሁለቱ ተጣብቀው ስለነበር ፈትተን አጠብን። ያም ሆኖ በማስነሻው ቀን አንድ ሰው የአየር ማስገቢያውን የሚደፍን ላሜራ ይዞ ቆሞ ነበር።

የተሳሳትነው ባትሪው ላይ ነው። ያለ ጭነት ሲለካ ሙሉ ቮልቴጅ ስላሳየ አመንነው። ቁልፉ ሲጫን ቮልቴጁ ወደቀ፣ የባትሪውን ከባድ ጅረት የሚያገናኘው ማብሪያ (ኮንታክተር) ጥቅልል ለቀቀ፣ ሲለቅ ቮልቴጁ ተመለሰ፣ እንደገና ያዘ። ይህ መንቀጥቀጥ በሁለት ሰከንድ ውስጥ የኮንታክተሩን ጫፎች በየዳው። ጫፎቹን ቀይረን፣ እያንዳንዱን የባትሪ ሴል በጭነት ለክተን ደካሞቹን ከተካን በኋላ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ለአሥር ደቂቃ ነጭ ጭስ አወጣ፣ ከዚያ ጠራ።

ለመጎተት የሚያስብ ካለ አንድ ስሌት ይያዝ። የዚሁ ቤተሰብ በሆነው የብሪታንያው ክላስ 08 የማርሽ ምጣኔው 23.9 ለ1፣ ጎማው 1372 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ መንጃ ሞተር በደቂቃ ወደ 2950 ዙር ይሽከረከራል። በ60 ቢጎተት ከ5500 ያልፋል፣ ጥቅልሉም ከአርማቸሩ፣ ማለትም ከሞተሩ ተሽከርካሪ ክፍል፣ ተገንጥሎ ይበተናል። እኛ በከባድ ተሳቢ መኪና አስጭነን ነው ያዛወርነው።