ክርክሩን አትጻፉላቸው

የሕግ ተማሪዎችን፣ በፈጠራ ጉዳይ እንደ ፍርድ ቤት ቆመው ለሚከራከሩበት የምስለ ችሎት ውድድር እንዳዘጋጅ ስጠየቅ ሳላመነታ እሺ አልኩ። ጎንደር ውስጥ በጥብቅና ብዙ ዓመት ስለሠራሁ የሚከብደኝ ሥራ አልመሰለኝም። አራት ተማሪዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ለከሳሽ፣ ሁለቱ ለተከሳሽ። ጉዳዩን ማንበብ፣ ጭብጥ መለየት፣ ሕጉንና የሰበር ውሳኔዎችን መሰብሰብ በሁለት ሳምንት አለቀ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት የአጎቱን ባጃጅ ሳያስፈቅድ አስነሥቶ ወጣ፤ ገበያ ዳር አንዲት ነጋዴ ገጭቶ እግራቸውን ሰበረ። ነጋዴዋ አጎትየውን ከሰሱ። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን፣ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። በዚህ አንቀጽ የሚያመልጠው ተሽከርካሪው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው።

የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ልምምዱ በእውነተኛ የችሎት አዳራሽ ካልሆነ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ደብዳቤው ማኅተም የለውም ተባልኩ። አስመትቼ ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሌላው ቀን ደብዳቤው ራሱ ጠፋ። አሥራ አንድ ቀን ተመላለስኩ፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጊዜው ሲያጥርብኝ ሌሊት ቁጭ ብዬ ክርክሩን እኔው ጻፍኩላቸው። ለተከሳሽ የምትቆመው ልጅ ቃል በቃል ያዘችው። በልምምድ ላይ እንደ ውሃ ሲወርድላት እኔ ዳኛ ሆኜ ራሴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኩ። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጥኳትም።

በውድድሩ ቀን ገና ሁለት ደቂቃ ሳትናገር ሰብሳቢው ዳኛ አቋረጧት።

«ሳያስፈቅዱ መውሰድና መስረቅ አንድ ነው እያሉን ነው?»

ያንኑ የእኔን ዓረፍተ ነገር ደገመችላቸው።

«የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ስርቆት ለማለት የማይገባ ብልጽግና የማግኘት ሐሳብ ይፈልጋል። ይህ ልጅ ባጃጁን ሊመልስ ነው የወሰደው። ታዲያ ሰረቀ?»

ወረቀቷን ገለጠች፤ ደግማ ገለጠች። መልሱ እዚያ አልነበረም፤ ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ አላሰብኩበትም ነበርና። እጇ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ሆኜ አየሁ። ጊዜዋ ሳያልቅ «ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» ብላ ተቀመጠች።

ያቺ ልጅ ሕጉን ከእኔ የበለጠ አንብባው ነበር። ክርክሩን ራሷ ብትሠራው ኖሮ ዳኛው ከመጠየቃቸው በፊት ትደርስበት ነበር። ጎንደር ተወልጄ አድጌ ይህን መሳቴ ያንገበግበኛል። እዚህ አገር የቅኔ መምህር ለተማሪው ቅኔ አይቆጥርለትም፤ አይደርስለትም ማለቴ ነው። ተማሪው ብቻውን ቆጥሮ ይመጣል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል። በድሮው የቃል ሙግት፣ በበላ ልበልሃ፣ የቆመ ሰውም የሌላ ሰው ወረቀት አልያዘም።

የውድድር መመሪያ የጽሑፍ ክርክሩ ይቅደም፣ የቃሉ ይከተል ይላል። ለማስገባት እንዲያ ይሁን፤ ለልምምድ ግን ፈጽሞ አልስማማም። በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ሳይዙ አቁሟቸው፤ ንግግራቸው ሳይጣፍጥ አቋርጧቸው። ለችሎት የሚይዙት አንድ ገጽ ይሁን፣ ጭብጥና የአንቀጽ ቁጥር ብቻ። በመሐል ወገን አቀያይሯቸው፤ ባለቤቱን ሲከላከል የሰነበተ ልጅ ለነጋዴዋ ሲቆም የራሱን ቀዳዳ ያያል። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ የሕጉን የአማርኛ ቅጂ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ነገ የሚቆሙበት የክልላችን ፍርድ ቤት የሚሠራው በአማርኛ ነው። አዳራሽ ደግሞ አትለምኑ። ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ይበቃል።

ከውድድሩ በሳምንቱ ልጅቷ ፒያሳ ካለው ቢሮዬ መጣች።

«ጋሼ፣ መልሱን አግኝቼዋለሁ» አለች ቆማ። «አንቀጽ 2081 ስለ ወሳጁ ሐሳብ አያነሣም። ቁም ነገሩ ተሽከርካሪው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከእጁ መውጣቱ ነው። የወንጀል ሕጉ ትርጉም ለቅጣት የተበጀ ስለሆነ እዚህ አይገባም።»

«እንዲያ ከሆነ ንኡስ አንቀጽ አንድ ላይ ያልተፈቀደለት ሰው የተባለው ማን ሊሆን ነው?» ብዬ አቋረጥኳት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እሱንም ይዤ ነው የመጣሁት» አለችኝ።