ማክ ሚኒ ጂ4፣ ኔትቢኤስዲ እና የኮዬ ፈጬ መብራት

መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኪቦርድ ሰክቶ ማሽን ማባበል ቀረልኝ። ኮዬ ፈጬ ለምትኖሩ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳም።

ማሽኗ እ.ኤ.አ. በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የወጣችው የአፕል ትንሽ ኮምፒውተር፣ ማክ ሚኒ ጂ4 ናት፤ 1.25 ጊጋኸርዝ፣ 40 ጊጋ ዲስክ። ምናለሽ ተራ ነው ያገኘኋት። ሻጩ የዲቪዲ ማጫወቻ መስላው ነበር፤ እኔም አላረምኩትም። ፕሮሰሰሯ ፓወርፒሲ የሚባል ሌላ ዓይነት ስለሆነ የዛሬ ዊንዶውስ አይታሰብም። አፕልም ከ2007ቱ ኦኤስ (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ሌፐርድ በኋላ ትቷታል። ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ በ2017 ዘጠነኛውን ቅጂ ሲያወጣ ባለ 32 ቢት ፓወርፒሲን ከዋናው ዝርዝር አስወጣ። ለኔ የቀሩት ኦፕንቢኤስዲና ኔትቢኤስዲ የሚባሉት ነጻ ኦኤሶች ናቸው።

አጫጫኑን ላሳጥረው። ክዳኗን በቀጭን የስቱኮ ስፓቱላ መክፈት፣ ራሟን 1 ጊጋ ማድረስ (ከዚያ በላይ አትቀበልም)፣ ስትነሳ ዊንዶውስ፣ አልት፣ ኦ እና ኤፍን አንድ ላይ መያዝ። ኦፕን ፈርምዌር (ኦኤሱ ከመነሳቱ በፊት ትእዛዝ የሚቀበለው) ይመጣል፤ ከሲዲ ተነሺ ትሏታላችሁ። በቃ።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። መጀመሪያ የጫንኩት ኦፕንቢኤስዲ ነበር። ንጹህ ነው፣ ማኑዋሉን የሚያህል የለም። ግን ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚቀመጡበት ሥርዓት) ጆርናል፣ ማለትም የለውጥ መዝገብ፣ የለውም። መብራት ድንገት ከሄደ፣ ስትነሳ ኤፍኤስሲኬ የሚባለው ፈታሽ ፕሮግራም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ይፈትሻል። አንዳንዴ ራሱ መወሰን ያቅተውና ሲንግል ዩዘር (የጥገና ሁናቴ) ላይ ቆሞ ሰው ይጠብቃል። የቤታችን ፎቶ ያለው እሷ ላይ ነው። እኔ መሃል ከተማ ሥራ ላይ ሆኜ ባለቤቴ ትደውላለች፦ «ያቺ ሳጥንህ ዛሬም አኩርፋለች።»

ጓደኞቼ በሙሉ «ዩፒኤስ ግዛ» አሉኝ፤ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን ማለታቸው ነው። እኔ አልስማማም። እኛ ሰፈር መብራት ከሄደ በአስር ደቂቃ አይመለስም። ማሽኑን በሥርዓት እንዲያጠፋ ያልተገናኘ ዩፒኤስ ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ኔትቢኤስዲ ግን ከ5.0፣ ማለትም ከ2009 ጀምሮ ጆርናል አለው። ኤፍኤስታብ (ዲስኮቹ እንዴት እንደሚከፈቱ የሚገልጸው ፋይል) ላይ «ሎግ» የምትል አማራጭ መጨመር ነው። ለውጡ ቀድሞ ጆርናሉ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይሄዳል። መብራት ሲመጣ ጆርናሉን ብቻ አንብቦ ያስተካክላል። እያወቅኩ ፋይል በመገልበጥ ላይ እያለች ሶኬቷን ነቀልኩት። ስትነሳ ፍተሻውን ለማየት እንኳ ጊዜ አልሰጠችኝም። የድሮ ማሽን ላይ ኦኤስ ስትመርጡ «የቱ ይፈጥናል» አትበሉ፤ ሶኬት ንቀሉበት። ባዶ ዲስክ ላይ ታዲያ!

አትሸወዱ፤ ጆርናሉ የሚጠብቀው የፋይል ሲስተሙን መዋቅር እንጂ የፋይሉን ይዘት አይደለም። ሲገለበጥ የነበረው ፋይል ግማሹ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ባክአፕ ያዙ። እኔ? አንድ ፍላሽ አለችኝ፣ እሷም ሁልጊዜ አትሰካም።

የማዘርቦርዱ ሲአር2032 ባትሪም ከሞተ ቀይሩት። ካልቀየራችሁ ከርነሉ (የኦኤሱ እምብርት) ሰዓቱን ከፋይል ሲስተሙ ይወስዳል። መብራት የጠፋበትን ያህል ወደ ኋላ ትቀራላችሁ።

ብሮውዘር እርሱት። ይህንንም የጻፍኩት በስልኬ ነው። ፕሮግራም ከምንጩ ኮምፓይል ማድረግ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ ከተገኘ የተዘጋጀውን ፓኬጅ ውሰዱ።

አሁን የምፈልገው ዲስኳን በኤስኤስዲ መቀየር ነው። ባለ 44 ፒን አይዲኢ አዳፕተር መርካቶ ያየ ሰው ካለ የቱ ጋ እንደሆነና ዋጋውን ይጻፍልኝ።