ቪዲዮው መቼ ይጀምር?

አንድ ድረ ገጽ ገና ሲከፈት ሳይጠየቅ ድምፅ ማሰማት የሚጀምር ቪዲዮ የተጠቃሚውን የመወሰን መብት ይጋፋል ብዬ አምናለሁ። ጉዳቱም ከማሰልቸት ያልፋል፤ የስክሪን አንባቢ የሚጠቀም ዓይነ ስውር ሰው ጽሑፉን የሚያነብለት ድምፅ በቪዲዮው ድምፅ ስለሚዋጥበት፣ ማቆሚያውን ፈልጎ ለማግኘት እንኳ ይቸገራል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ከ3 ሰከንድ በላይ በራሱ የሚጫወት ድምፅ ማቆሚያ ወይም የራሱ የድምፅ መቆጣጠሪያ እንዲኖረው የሚጠይቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ድረ ገጽ ከምንከፍትባቸው መተግበሪያዎች (ብራውዘሮች) መካከል ክሮም እ.ኤ.አ. በ2018፣ ፋየርፎክስም በ2019 ድምፅ ያላቸው ቪዲዮዎች በራሳቸው እንዳይጀምሩ መግታት ጀምረዋል። ድምፅ አልባዎቹ ግን በአብዛኛው ዛሬም ያልፋሉ፤ ዳታም ይበላሉ።

በፋየርፎክስ ቅንብር ውስጥ ድምፅ ያለውንም የሌለውንም ማገድ ይቻላል፤ ሳፋሪም ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የተለየ ምርጫ ይሰጣል። በኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ክሮም በበኩሉ፣ ተጠቃሚው ቀደም ሲል በዚያው ድረ ገጽ ምን ያህል ቪዲዮ እንደተመለከተ መዝኖ ድምፅ ያለውን ቪዲዮ ሊፈቅድ ይችላል። ስሌቱ ብልሃት አለው፤ ነገር ግን ትናንት በፈቃዴ ቪዲዮ ያየሁበት ድረ ገጽ ዛሬ ጽሑፍ ብቻ ላነብበት የምገባበት ሊሆን ስለሚችል፣ ከግምቱ በላይ የእኔ ግልጽ ምርጫ እንዲከበር እፈልጋለሁ።