ትልቁን ድሪል ገዝቼ በትንሹ የምሠራው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያውን የቁም ሳጥን በር ያበላሸሁት በአዲስ ድሪል ነው። በሩ ተቆርጦ፣ ተለስልሶ፣ ቀለም ተቀብቶ አልቋል። የቀረው ማጠፊያውን በቪቴ ማሰር ብቻ ነበር። ሦስቱ ቪቴዎች በሰላም ገቡ። አራተኛው ላይ ቃታውን ጠበቅ አደረግኩት፤ ቪቴው ቆመ፣ ድሪሉ ግን አልቆመም። በሩ የተሠራበት ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ውስጥ ያለው ቀዳዳ ተፈረፈረና ቪቴው በባዶ መሽከርከር ጀመረ። ይባስ ብሎ የካቻቢቴው ጫፍ ከቪቴው ጭንቅላት ላይ ዘለለና ትናንት የቀባሁትን ቀለም እንደ ድመት ቧጨረው። ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

ድሪሉ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ከተደረደሩት መሃል ሳጥኑ ላይ ትልቁ ቁጥር የተጻፈበትን መርጬ የገዛሁት እኔ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ግን ምክንያት ነበረኝ። ከዚያ በፊት የምሠራው በአንድ ያገለገለ ሽማግሌ ድሪል ነበር፤ ባትሪው ኒኬል ካድሚየም ነው። ብላክ ኤንድ ዴከር እ.ኤ.አ. በ1961 የመጀመሪያውን ባለ ባትሪ ድሪል ሲያወጣ የተጠቀመው ይህንኑ የባትሪ ዓይነት ነበር፤ የኔውም ከዚያ ዘመን የተረፈ ነበር የሚመስለው። ሞልቼ አስቀምጬው ከሳምንት በኋላ ሳነሳው ኃይሉ በራሱ ጊዜ ፈስሶ ይጠብቀኛል። ስድስት ቪቴ ያስርና ሰባተኛው ላይ ያቃስታል። በደካማ የተማረረ ሰው ጉልበተኛ ሲያይ ልቡ ይሸፍታል፣ የኔም ሸፈተ። 18 ቮልት፣ እስከ 13 ሚሊሜትር ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) የሚይዝ፣ ኮንክሪት ላይ እየደበደበ የሚበሳ፣ ባትሪው ጡብ የሚያህል ድሪል ታቅፌ ወጣሁ።

የሚደበድበውን ነገር እንጨት ላይ አንድም ቀን አልተጠቀምኩበትም። እንጨት ስለት እንጂ ዱላ አይፈልግም። ያ ክፍል ለኔ የሰጠኝ ነገር ቢኖር ርዝመትና ክብደት ነው። መደርደሪያ ስገጥም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ግማሽ ሰውነቴን አስገብቼ፣ አንገቴን አጣምሜ፣ ክንዴን ወደ ላይ ዘርግቼ ነው። ከሁለት ኪሎ የሚያልፍ ብረት በዚያ ሁኔታ ላይ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? አምስተኛው ቪቴ ላይ ክንዴ ይንቀጠቀጣል፣ ክንዴ ሲንቀጠቀጥ ጫፉ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ጫፉ ቀጥ ካላለ የቪቴው ጭንቅላት ይላጣል። ጥበት ካለ ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

ቁጥሮቹንም ቢሆን በትክክል አላነበብኳቸውም። ሳጥኑ ላይ 20 ቮልት የሚለው ከ18 ቮልቱ ይበልጣል ብዬ ከሰው ጋር ስከራከር ነበር። ሁለቱም አንድ ናቸው። ውስጣቸው በተከታታይ የታሰሩ አምስት የሊቲየም ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ በሥራ ላይ 3.6 ቮልት ገደማ ነው፣ በአምስት ሲባዛ 18። ልክ ከቻርጀር እንደወጣ ግን ከ20 ትንሽ ከፍ ይላል፤ አንዳንዱ አምራች ያችን ሰዓት ወስዶ ነው ሳጥኑ ላይ የሚጽፈው። 12 ቮልት የሚባሉትም ባለ ሦስት ሴል ናቸው፣ ስታባዙት 10.8 ይመጣል። በኒውተን ሜትር የሚጻፈው የመጠምዘዝ ጉልበትም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ በትልቁ የሚታተመው ማሽኑ ሊቆም ሲል ለቅጽበት የሚያወጣው ነው። ዝርዝሩ ላይ ለለስላሳና ለጠንካራ ሥራ ተብሎ ሁለት ቁጥር ካለ፣ ለእንጨት የሚቀርበው አነስተኛው ነው።

ዓይኔን የገለጠልኝ የአንድ ጓደኛዬ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ድሪል ናት። ለአንድ ቀን ተዋስኳት። መጀመሪያ ሳያት መጫወቻ መስላኝ ሳቅኩ። አንድ ኪሎ ገደማ ብትሆን ነው። ቃታዋን በቀስታ ስነካው ጫፏ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዝግ ብሎ ዞረ፤ ቪቴውን እያየሁ፣ ጭንቅላቱ ከእንጨቱ ጋር እኩል ሲሆን ለቀቅኩት። በቃ። የኔው ትልቁ ግን ቃታው ሲነካ ወይ ዝም ይላል ወይ ይፈተለካል፣ መሃል የለውም። ለእንጨት ሥራ ድሪል ስትመርጡ እኔ አንድ ነገር ብቻ እዩ ብባል ይህንን ነው የምለው፦ በዝግታ ምን ያህል ይታዘዛል?

ሁለተኛው ከአንገቱ ላይ ያለችው ባለ ቁጥር ቀለበት ናት። እኔ ለወራት ጌጥ መስላኝ ነበር። ሥራዋ ተቃውሞው የተወሰነ መጠን ላይ ሲደርስ "ተከ ተከ ተከ" ብላ ጉልበቱን ማቋረጥ ነው። ያ በር በተበላሸበት ቀን የኔ ቀለበት የት እንደነበረች ብትጠይቁኝ፣ መጨረሻ ላይ፣ የፑንታ ምልክቱ ላይ ነበረች። እሱ ለመብሳት ነው፣ አያቋርጥም። አሁን መጀመሪያ ቁርጥራጭ እንጨት ላይ ከትንሹ ቁጥር እጀምራለሁ። ቪቴው ሳይገባ ካንቋረረች አንድ እጨምራለሁ፣ ልኩ ላይ ስደርስ ሃያውንም ቪቴ በዚያው እጨርሳለሁ። አናቱ ላይ ያለውን ማርሽም አትርሱ። 1 ለቪቴና ለሰፊ ቀዳዳ፣ 2 ለቀጭን ፑንታ ነው። በ2 ቪቴ ማሰር መኪናን በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ እንደማስነሳት ነው፤ ሞተሩም ይግላል፣ እናንተም ትበሳጫላችሁ።

ትንሿን ለመግዛት ስወስን አንድ ሱቅ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ ሻጩን አስቸገርኩት። ኪሴ ውስጥ ቀጥ ያለች አዲስ ባለ 3 ሚሊሜትር ፑንታ ይዤ ነበር የሄድኩት። አስገብቼ፣ አጥብቄ፣ በዝግታ አሽከርክሬ ጫፏን አየኋት። የመጀመሪያው ድሪል ላይ ጫፏ ክብ ሠራች፣ ማለትም ትዋልል ነበር። አውጥቼ እንደገና ባስራትም ያው ነው። ሌላኛው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን የምትዋልል ፑንታ ቀዳዳውን ከልኩ በላይ ታሰፋዋለች፣ ቀጭን ከሆነች ደግሞ ትሰበራለች። ከዚያ ባትሪውን አስገብቼ ክንዴን ወደ ላይ ዘርግቼ ቆየሁ። ሰው እያየኝ ነበር፣ ይየኝ። እጀታው ለእጄ ወፍሮ እንደሆነ፣ አፍንጫው ወደ ታች ይደፋ እንደሆነ የሚታወቀው እንደዚያ ነው።

ብራሽለስ ሞተር ያለውን መረጥኩ። በድሮዎቹ ሞተሮች ላይ ካርቦኖቹ እየተፋተጉ ያልቃሉ፣ ያ ፍትጊያም ኃይል ይበላል። ብራሽለሱ ካርቦን የለውም፣ በዚያው ባትሪ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ ብዙውን ጊዜ ቁመቱም አጠር ይላል። ግን አልፎ አልፎ አንድ መደርደሪያ ብቻ የምትሰቅሉ ከሆነ ባለ ካርቦኑም ያገለግላችኋል፣ እዚህ ላይ አልከራከርም።

ባትሪ ላይ ግን ልከራከር። ድሪል ስትገዙ የምትገዙት የባትሪ ቤተሰብ ነው። የአንዱ አምራች ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የሌላው ላይ አይገባም፤ ነገ መጋዝ ወይም መለስለሻ ማሽን ስትጨምሩ ያለ ባትሪ፣ አካሉን ብቻ መግዛት የምትችሉት ከዚያው ቤተሰብ ነው። እኔ ይህን ሳላስብ ሁለት የማይተዋወቁ ቻርጀሮች ግድግዳ ላይ ሰክቼ እኖራለሁ። መጠኑንም በአምፔር ሰዓት ብቻ አትለኩት። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙት። ባለ 18 ቮልት 2 አምፔር ሰዓት ባትሪ 36 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ባለ 10.8 ቮልት 4 አምፔር ሰዓት ደግሞ 43 ገደማ፤ ትንሿ ትበልጣለች! ከአንድ ትልቅ ባትሪ ሁለት መካከለኛ እመርጣለሁ፣ አንዱ ሲሞላ በሌላው እሠራለሁ፣ ክንዴም ያርፋል። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡ ደግሞ ግማሽ አካባቢ አድርጌ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኖራቸዋለሁ፣ ሙሉም ባዶም አድርጌ አልተውም።

ትልቁስ ምን ሆነ? አልሸጥኩትም። ለማጠፊያ የሚሆነውን የ35 ሚሊሜትር ጎድጓዳ ቀዳዳ ጠንካራ እንጨት ላይ ስበሳ ትንሿ ያልባታል፣ እሱ ግን አይሰማውም። ብቻ የጎን እጀታውን ሳላስር አልነካውም። አንድ ጊዜ ሰፊ ክብ መቁረጫ ገጥሜለት እንጨቱ ውስጥ ሲነክስ፣ መቁረጫው ቆሞ ድሪሉ ዞረ፣ ከነእጄ። አንጓዬ ሳምንት ሙሉ አብጦ ነበር።

"ኢምፓክት" የሚሉት አጭሩ ማሽንስ ለሚለኝ፣ እሱ ሌላ እንስሳ ነው። ሲከብደው በሚዞርበት አቅጣጫ እየመታ ይጠመዝዛል፤ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቪቴ ሲያስር አንጓን አይጠመዝዝም፣ ያ ደስ ይላል። ግን ድምፁ ጆሮ ይበሳል፣ የጆሮ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ያቺ የምታቋርጠው ቀለበት ደግሞ አብዛኛዎቹ ላይ የለችም። ለመጀመሪያ ግዢ አይሆንም። ትልልቅ ነገር በብዛት የምትገጥሙ ከሆነ ሁለተኛ አድርጉት።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ርካሹ ነገር ነው፤ የካቻቢቴው ጫፍ። ያ ቀለሜን የቧጨረው ለምን እንደዘለለ የገባኝ ቆይቶ ነው። መስቀል የሚመስሉት ሁሉ አንድ መስለውኝ ነበር። የኔ ቪቴዎች ከመስቀሉ መሃል መሃል ላይ አራት ቀጫጭን ጭረቶች ነበሯቸው። ያ ፖዚድራይቭ የሚባለው የመስቀል ዓይነት ነው። እኔ የሰካሁት ጭረት ለሌለው ተራ መስቀል የሚሆነውን፣ ፊሊፕሱን ነበር። ፊሊፕስ ቀድሞውንም ሲጠብቅበት ወደ ውጭ የመውጣት ጠባይ አለው፣ ቦታው ካልሆነ ደግሞ ይብሳል። አሁን ከቻልኩ ኮከብ ጭንቅላት ያለውን ቶርክስ ነው የምገዛው፣ ተጣብቆ ይቀራል። ለ4 ሚሊሜትር ቪቴም አስቀድሜ እበሳለታለሁ፣ ለስላሳ እንጨት ላይ 2.5፣ ጠንካራ ላይ 3። ጠንካራው በጣም ካስቸገረ ጥርሱን ሰም አስነካዋለሁ።

በሩን አልጣልኩትም። የተፈረፈረው ቀዳዳ ውስጥ ሁለት የክብሪት እንጨት ኮላ ነክሬ ጎሰጎስኩበት፣ ሲደርቅ እኩል ቆረጥኩት፣ ጭረቱንም በብሩሽ ሸፈንኩት። አራተኛውን ቪቴ ግን በእጅ ካቻቢቴ ነው ያሰርኩት።