እንቅፋት አጠገብ ማን ለማን ይለቃል? የሸራ ጀልባ ውድድር ደንብን ጎንደር ሜዳ ላይ ያስተማርኩበት መንገድ

በሸራ ጀልባ ውድድር ሰው አብዝቶ የሚከራከረው እንቅፋትን ስለ ማለፍ በሚናገረው በደንብ 19 ነው፤ ጀልባ የሚያጋጨው ግን እንቅፋት አጠገብ የመዞሪያ ቦታ ስለ መጠየቅ የሚናገረውን ደንብ 20ን አለማወቅ ነው። ስለዚህ ጎርጎራ ወርደን ጣና ላይ ሸራ ከመዘርጋታችን በፊት ሁለቱንም ጎንደር ውስጥ፣ ደረቅ ሜዳ ላይ፣ በእግር አስተማርኩ።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ እንደ ኢልካ ያለ ትንሽ ጀልባ ርዝመት ያለው 4.2 ሜትር ገመድ፣ ኖራ፣ ድንጋይና ሦስት ሰው። ነፋሱን በኖራ ቀስት አሰመርኩ፤ የድንጋይ ረድፉ ዳርቻ ሆነ። ጀልባ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥሞ መሄድ ስለማይችል፣ ተራማጁ ከቀስቱ 45 ዲግሪ ያህል ሰያፍ ይሄዳል፤ ነፋሱ በሚመታው በኩል ያለውን እጁንም ያነሳል። መነሻው ይህ ነው፦ ነፋሱን በግራ የሚቀበል በቀኝ ለሚቀበለው ይለቃል። ሁለቱም በአንድ ጎን ተቀብለው ጎን ለጎን ከሆኑ፣ በነፋሱ መምጫ በኩል ያለው ለሌላው ይለቃል።

እንቅፋት የሚባለው፣ ጀልባው በቀጥታ እየሄደበት አንድ ርዝመቱ ሲቀረው አቅጣጫውን በጉልህ ሳይቀይር ሊያልፈው የማይችለው ነገር ነው። ተንሳፋፊ የፕላስቲክ ጠርሙስ እንቅፋት አይሆንም፤ ዳርቻ ይሆናል። እምቦጭ ግን ያጨቃጭቃል፤ አንዱ ሰንጥቄው አልፋለሁ ሲል ሌላው ይሸሸዋል። ደንቡ አንድን አካባቢ በውድድር መመሪያ እንቅፋት ብሎ መሰየም ስለሚፈቅድ፣ ክርክሩን በጽሑፍ መዝጋት ይሻላል። ክምሩ በነፋስ ስለሚሄድ ጠዋት የታየው ከሰዓት ቦታው ላይ ላይገኝ ይችላል፤ ከመነሻው በፊት እንደገና ይታይ።

ደንብ 19 እንዲህ ይላል፦ ቅድሚያ ያለው ጀልባ እንቅፋቱን በፈለገው በኩል ያልፋል። ጎን ለጎን ከሆኑ ደግሞ የውጪው፣ በእሱና በእንቅፋቱ መካከል ላለው ማለፊያ ቦታ ይሰጣል። ተማሪዎችን የሚያደናግረው ሌላ ጀልባ ራሱ እንቅፋት ሲሆን ነው። ሁለት ጀልባዎች ነፋሱን በግራ ተቀብለው ጎን ለጎን እየሄዱ፣ በቀኝ የሚቀበል ሦስተኛ መጣባቸው እንበል። ሁለቱም ሊለቁለት ስለሚገባ ለሁለቱም እንቅፋት ነው። የሚመርጠው ከነፋሱ መምጫ ራቅ ያለው ጀልባ ነው፤ ወይ በደንብ 20 ጠርቶ ይዞራል (ማለትም አፍንጫውን በነፋሱ አሻግሮ ነፋሱን በሌላ ጎኑ ይቀበላል)፣ ወይ በመጪው ጀልባ ኋላ ያልፋል። በኋላ ካለፈ ባልደረባው በመካከል ስለሚገኝ ለእሱም የሚበቃ ቦታ መተው አለበት። ብዙዎች የመጪውን ኋላ ታክከው ያልፉና ባልደረባቸውን ያስጨንቃሉ።

ዳርቻው ቢያንስ ሦስት የጀልባ ርዝመት ያህል አብሮ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ከኋላ መጥቶ በዳርቻውና በፊተኛው መካከል የሚገባ፣ ጎን ለጎን በሆኑበት ቅጽበት የሚያልፍበት ቦታ ከሌለ ቦታ የመጠየቅ መብት የለውም፤ መልቀቅም የእሱ ግዴታ ነው። የሚንቀሳቀስ ጀልባ ግን የቱንም ያህል ቢረዝም በዚህ አይቆጠርም።

አሁን ደንብ 20። ወደ ነፋሱ እየወጣ ያለ ጀልባ ከፊቱ እንቅፋት ሲገጥመውና በቅርቡ በጉልህ አቅጣጫ መቀየር ግድ ሲሆንበት፣ ከጎኑ ያለውን ለመዞሪያ ቦታ ይጠራዋል። የተጠራው ወይ ቶሎ ይዞራል፣ ወይ ወዲያው «አንተ ዙር» ብሎ ቦታ ይሰጣል። ጥሪው ያለአግባብ ነው ብሎ ቢያምን እንኳ መልስ መስጠት አለበት፤ ክሱ ከዚያ በኋላ ነው። ጠሪውም ጠርቶ ወዲያው መዞር አይችልም፤ ለመልስ ጊዜ ይሰጣል፣ መልስ ሲያገኝ ደግሞ ሳይዘገይ ይዞራል። ጥሪው የሚመለከታቸው ሁሉ ይረዱታል ተብሎ የሚጠበቅ ከሆነ በአማርኛም ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁልጊዜ ይፈቀዳል። ነፋሱ ድምፅ የሚውጥ ከሆነ በእጅ ምልክትም መታገዝ አለበት።

በ4 ኖት የሚሄድ ጀልባ በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አንድ ርዝመቱን በ2 ሰከንድ ይጨርሳል። ጥሪ፣ መልስና መዞር ተደምረው ጊዜ ስለሚበሉ፣ በእኔ ግምት አምስት ርዝመት ሲቀር ካልተጠራ ዘግይቷል። ሜዳው ላይ ገመዱን አምስት ጊዜ ዘርግቼ ቦታውን በኖራ ምልክት አደረግሁበት። እርምጃ ከጀልባው ስለሚዘገይ ግን ያታልላል፤ ልምምዱ በሶምሶማ ካልተደገመ ውሃ ላይ ሁሉም ዘግይቶ ይጠራል።

ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ጎርጎራ ሲነፍስ፣ ወደ ዳርቻው የሚቀርበው ጀልባ ነፋሱ ከኋላው ነው። በዚያን ጊዜ በደንብ 20 መጥራት አይቻልም፤ የሚያገለግለው 19 ብቻ ስለሆነ፣ የውስጥ ቦታውን አስቀድሞ መያዝ ነው።